ሐጂ ሲራጅ በካናዳ ላይ ያላቸው አቋም

ፖለቲካ ለእኛ ሰው እንደ በርበሬ ነው። ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል፣ ዐይን ያስለቅሳል፤ ያለሱ ግን ማዕዱ ማዕድ አይመስለንም። ለንደን የሚኖር አበሻ ሥራ ሊያጣ ይችላል፣ ቤት ሊያጣ ይችላል፣ አቋም አጥቶ ግን አያውቅም። ችግሩ የገዛ አገራችን ፖለቲካ እንዳሻን የምንነካካው ነገር አለመሆኑ ነው። ስንት ዕድር አፍርሷል፣ ለስንት ሙሽራ በሠርጉ ዋዜማ ሚዜ አስቀይሯል። ታዲያ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? የሰው ፖለቲካ ይዋሳል።

የውሰት ፖለቲካ ጥቅሙ ብዙ ነው። ቢያሸንፉበት ሹመት የለው፣ ቢሸነፉበት እስር የለው፤ «አንተ የማን ወገን ነህ?» ብሎ አያትዎን የሚቆጥርብዎት የለም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተተረተ ነው ብትሉኝ አልከራከራችሁም። እኔ ራሴ አውቶቡስ እየነዳሁ፣ ቀይ መብራት በያዘኝ ቁጥር ስንቱን የፈረንሳይ ሚኒስትር ሾሜ ሽሬአለሁ። ከሁሉም አገር ግን ለክርክር የምታስተማምነው ካናዳ ትመስለኝ ነበር። ካናዳ ማንን አስቀይማ ታውቃለች? እንዲህ እል ነበር፣ ሐጂ ሲራጅና ጋሽ ተስፋይ በካናዳ ምክንያት እስኪጣሉ ድረስ።

ሐጂ ሲራጅ ኬኒንግተን ውስጥ እኔ ከምኖርበት አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር ይኖራሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ጋሽ ተስፋይ ብሪክስተን ናቸው። የአሥመራ ሰው፣ ኦርቶዶክስ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩና እስከ ዛሬ እንደ ድሮ ዜና አንባቢ አንዲት ቃል ሳይጥሉ የሚናገሩ። ዕድሜያቸውን ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ሲገፉ ነው የኖሩት። ሁለቱ የተገናኙት እዚህ አገር በገቡ ሰሞን፣ የስደተኞች ማረፊያ ውስጥ አንድ ክፍል ደርሷቸው ነው። አንደኛው ሳይነጋ ለሶላት ይነሣል፣ ሌላው ሳይነጋ ውዳሴ ማርያም ሊደግም ይነሣል፤ ስለዚህ «ቀሰቀስከኝ» ተባብለው የሚቀያየሙበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሥጋ ለየብቻ ነው፤ ያንን ወግ ሁለቱም አልጣሱም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብረው የበሉት ምስርና ዓሣ ነው፣ ደማቸውም ቢሆን እንደ ጎረምሳ ደም ንጹሕ ነው ብሏል ሐኪማቸው።

አንድ ስምምነት ነበራቸው። በሁለቱ አገሮቻቸው መካከል ጦርነት የተነሣ ጊዜ፣ ሁለቱም አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ዜናውን ያዩ ነበር። የሐጂ የወንድም ልጅ በአንዱ በኩል፣ የጋሽ ተስፋይ ታናሽ ወንድም በሌላው በኩል ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ወይዘሮ ዘይነባ እንደነገሩኝ፣ ሐጂ ተነሥተው ቴሌቪዥኑን ዘጉና «ከዛሬ ጀምሮ የዚያ አገር ፖለቲካ በዚህ ቤት አይነሣም» አሉ፤ ጋሽ ተስፋይም «አሜን» አሉ። ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ሁለቱ ዘማቾች ከጦርነቱ አልተመለሱም፤ የሁለቱንም ለቅሶ ሁለቱ ሰዎች አብረው ተቀምጠዋል።

ክርክር ግን አይቀርም፤ አበሻ ናቸውና፣ ጋሽ ተስፋይም ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሐጂ ቤት ይመጣሉ። መጀመሪያ አሜሪካን ተዋሱ። ቀጥሎ የእንግሊዝን ያዙ፤ እሱ የሐጂን የደም ግፊት ስላስነሣው ወይዘሮ ዘይነባ አገዱት። ካናዳ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አመጣጧም ለክርክር አልነበረም። ጋሽ ተስፋይ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳለጣቸውና እስከ እኩለ ቀን መነሣት አቅቷቸው ወለሉ ላይ ቆዩ። ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ የምትኖር ሰምሃር የምትባል ነርስ ልጅ አለቻቸው። ወሬውን ስትሰማ አለቀሰች፤ ለቅሶዋን ስትጨርስ ደግሞ ልትወስዳቸው አፕላይ አደረገች። ወረቀቱ አለቀ፣ ትኬቱ ተቆረጠ፤ ጋሽ ተስፋይ ካናዳ ሊኖሩ ነው። ጠቅልለው።

ሐጂ ሲራጅ ይህን በሰሙ ማግሥት በካናዳ ላይ አቋም ያዙ።

መጀመሪያ በመንግሥቷ ጀመሩ። «ንጉሣቸው እዚህ ወንዙን ተሻግሮ ነው የሚኖረው» አሉ። «የገዛ ንጉሣቸው ጥሏቸው ለንደን ሲኖር፣ አንተ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?» ጋሽ ተስፋይ መልሱን ፍለጋ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማታ አንብበው በማግሥቱ መጡና ካናዳ ንጉሡን በሩቅ የያዘችው ከብልህነት እንደሆነ አስረዱ። ወደ ኩቤክ ተሻገሩ፤ ኩቤክ ልገንጠል የምትል ክፍለ ሀገር ናት። እዚህ ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሻያቸውን አማሰሉ፣ እኔም ስለ ዝናቡ አነሣሁ። ውሰት እንኳ ቢሆን አንዳንዱ ፖለቲካ ቤት ድረስ ይመጣል።

ከመንግሥት ወደ ጦርነት ሄዱ። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ካላሳየ የሚውል አይመስለውም፤ እነሱም ያላዩት ዘመቻ የለም። ጋሽ ተስፋይ ካናዳውያን ኖርማንዲ ላይ እንዴት እንደወረዱ፣ ሆላንድን እንዴት ነጻ እንዳወጡና ሆላንዶች እስከ ዛሬ በየዓመቱ አበባ እንደሚልኩላቸው ይተርካሉ። ሐጂ አይረቱም። «እንግሊዝ ጦርነት ያወጀችው መቼ ነው? ካናዳ ያወጀችውስ? በሳምንቱ! ሳምንት ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?» ጋሽ ተስፋይ ፓርላማቸውን ሲያማክሩ ነበር አሉ። ሐጂም ቤት ሲቃጠል የሚያማክር ጎረቤት ምን ያደርጋል አሉ።

ዘፈንም አልቀረ። የካናዳ ዘፋኝ ድምፁ ደህና የሆነ እንደሆነ አሜሪካ ይሄዳል፣ ካልሆነ እዚያው ይቀራል፤ ይህ የሐጂ ፍርድ ነው። ጋሽ ተስፋይ ቴሌቪዥናቸውን ልልመድ ብለው በስልካቸው የበረዶ ላይ ሆኪ ማየት ጀምረው ነበር፤ ኳሷን አንድም ቀን እንዳላዩዋት ለእኔ በምስጢር ነግረውኛል። ለሐጂ ግን ከእግር ኳስ ይበልጣል አሉ። እኔ መሐል ተቀምጬ እስቃለሁ። ሞኝ ነኝ፤ የሚያስቅ መስሎኝ ነው።

ነገር ነገርን ያመጣል፣ ድግር አፈር ያወጣል። አንድ ቀን የካናዳ ምርጫ ውጤት በቴሌቪዥን እየተነገረ፣ ካርታው ወጣ። ሐጂ ያን ሁሉ ስፋት ትኩር ብለው አዩና፣ እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ ከየአገሩ የሚሰበስቡት መቅበሪያ መሬት ስለተረፋቸው ነው አሉ። ጋሽ ተስፋይ ስኒያቸውን በቀስታ አስቀመጡ፣ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ «የልጄ አገር ነው» ብለው ወጡ። በማግሥቱ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም።

ወይዘሮ ዘይነባ ደወሉልኝ። ሐጂ እህል አልወርድ ብሏቸዋል፤ ቴሌቪዥኑን ከፍተው ድምፁን አጥፍተው ይቀመጣሉ። ጋሽ ተስፋይ ሊበሩ የቀሯቸው ዐሥር ቀናት ናቸው፤ እንዲህ ተኳርፈው ከተለያዩ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ሌላ የመታረቂያ ቀን የለም። «ሽማግሌ ሁነህ ግባ» አሉኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በዚያ ቤት እስከዚያ ቀን ድረስ «አንተ ልጅ» ነበርኩ።

አሁን የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ፤ እንዳትስቁ። አስታራቂ ነገሩን ማወቅ አለበት ብዬ፣ አራት ቀን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ በእረፍት ሰዓቴ ስለ ካናዳ አነበብኩ። ክፍለ ሀገሮቿን፣ ምክር ቤቶቿን፣ የጦር ታሪኳን ሳይቀር አጠናሁ። ለመንጃ ፈቃድ እንኳ እንዲህ አላጠናሁም። ከዚያ ብሪክስተን ሄድኩ። ጋሽ ተስፋይ ሻንጣ ሲያሰናዱ አገኘኋቸውና ለመንኳቸው። ሲራጅ ካናዳን ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። ያንን ይዤ ተመለስኩ፤ ሐጂ ደግሞ ካናዳን ወክሎ እንዲያኮርፍ ማን ሾመው አሉ። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ፣ ደረጃ ወጥቼ ወርጄ፣ በመጨረሻ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም አንድ ሶፋ ላይ አስቀመጥኩ። አንደኛው በዚህ ጫፍ፣ አንደኛው በዚያ ጫፍ፣ መሐላቸው ሦስት ሰው ያስቀምጣል።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁና ፍርዴን አቀረብኩ። በጦርነቱ ጉዳይ ለካናዳ ይፈረድ፤ በዘፈኑ ለሐጂ ይፈረድ፤ የካናዳ ቴሌቪዥን ደካማ መሆኑ ከሁለቱም ወገን ይታመን፤ የንጉሡ ነገር በይደር ይቆይ። ፍትሐዊነቴ ራሴን አስደነቀኝ። ሁለቱም ግድግዳውን ያያሉ።

ወይዘሮ ዘይነባ ሻይ ይዘው ገቡ። «ብርሃኑ፣ ልጄ፣ ካናዳን ተዋት» አሉኝ። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ሲራጅ፣ ለእኔ ያልከኝን ለሱ በለው።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ሐጂ ብቅል አይቀምሱም፤ የሳቸውን ያወጣው ሻይ ነው። ሁለት ጊዜ ፉት አሉና፣ ሰውን ሳያዩ ተናገሩ።

«ስምንት ሰዓት ሲሆን ያንን በር የሚያንኳኳ የለም። ከሰዓት በኋላውን ከማን ጋር ልቀመጥ ነው? ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለኝም።»

«እኔስ ካናዳን መቼ አውቃታለሁ?» አሉ ጋሽ ተስፋይ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም። እግሬ አልነሣ ብሎኝ ነው እንዲያ የማመሰግናት።»

የሶፋውን ነገር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ በመሐሉ ሦስት ሰው የሚያስቀምጠው ቦታ ጨርሶ ጠፋ። ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ አራት ቀን ያጠናሁት ትምህርት ሜዳ ላይ ቀርቶ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ጋሽ ተስፋይ በጠዋት እየመጡ ማታ ይሄዱ ነበር፤ የካናዳ ስም ግን ጨርሶ አልተነሣም። በመጨረሻ ሐጂና እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘናቸው።

አሁን ጋሽ ተስፋይ በየቀኑ ይደውላሉ። እዚህ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እዚያ ገና ጠዋት ነው። የሚገርማችሁ፣ ወዲያው እንደገቡ ካናዳን ማማት ጀመሩ። በረዶው ልክ የለውም። ፖለቲከኞቻቸው ሲሰዳደቡ እንኳ ይቅርታ እየጠየቁ ነው፤ ይህ ምኑ ፖለቲካ ነው? በቴሌቪዥን ባርኔጣ የደፋ ሰው ሁሉ ስለ ጭነት መኪናው ይዘፍናል። ሐጂ ሲራጅ ደግሞ ይሟገታሉ፤ ለካናዳ! በየጠዋቱ የካናዳን ዜና ቼክ ያደርጋሉ፣ የዊኒፔግን የአየር ጠባይ ያውቃሉ፣ ሆኪ እንኳ ያያሉ። ይቅርታ የሚጠይቅ ፖለቲከኛ አላህ የሰጠው ነው፣ መኪናውን የሚወድ ሰው ሥራውን የሚወድ ነው፣ ታገስ፣ ደግ አገር ነው ይሏቸዋል። አንድ ቀን ስልኩን ሲዘጉ፣ አቋምዎ እንዴት ተገለበጠ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ልበለው ታዲያ?» አሉኝ። «እሱ እዚያ ነው ያለው።»

በረዶው ሲቀልጥ ወይዘሮ ዘይነባ ትኬት ቆረጡላቸው፤ ሦስት ሳምንት ብቻ፣ ደርሶ መልስ። በአውሮፕላን ማረፊያ ምን እንደሚጠየቁ ቀድመን ተለማመድን። ጉብኝት ነው በሉ አልኳቸው፤ እሺ አሉ። እዚያ ከደረሱ በኋላ የደወሉልኝ ግን እየሳቁ ነበር። ዩኒፎርም የለበሰው ሰውዬ ለምን እንደመጡ ሲጠይቃቸው፣ የተለማመድነው እንግሊዝኛ ጠፋባቸውና እውነቱን ተናገሩ። ከወንድሜ ጋር ልከራከር ነው የመጣሁት አሉት። በምን ጉዳይ? አላቸው። በእናንተ አሉት።

ሰውየው ፓስፖርታቸውን ገልበጥ አድርጎ አየ፣ ፈገግ አለ፣ የስድስት ወር ማኅተም መታላቸው። ወይዘሮ ዘይነባ ይህን ሲሰሙ «ሦስት ሳምንት ነው ያልኩት» አሉ፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ግን በእጃቸው ይዘው ነበርና ብዙም የተከፉ አልመሰለኝም።

እኔም አሁን በካናዳ ፖለቲካ ላይ የራሴ አቋም አለኝ። መንግሥቱ ጥሩ ነው። የሚከራከረኝ ካለ ማክሰኞ ዕረፍት ነኝ፤ ይምጣ።