ከአምበሉ ወደ ሊቀመንበሩ ይግባኝ

የትም አገር ቢሄዱ ከሳሹም ዳኛውም ራሱ የሆነ ሰው አይጠፋም። በእግር ኳስ ለኛ የደረሱን ክቡር ሎርድ ሃርግሬቭ ናቸው። ጢማቸው ደረታቸው ላይ ተነስንሷል። ኳሷን ቢስቱም ቅልጥም አይስቱም። ቅልጥም መምታትን የሚከለክለውን ሕግ ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። የመቱት ሰው ሲያቃስት ጎንበስ ብለው፣ «አይዞህ ወዳጄ፣ ጨዋታ ነው» ይላሉ።

እኛ በሰሜን እንግሊዝ የላንክሻየር የፋብሪካ ሸማኔዎች ነን። አንድ ዓመት ለዋንጫ ሎንዶን ወርደን ሎርዱ አምበል ከሆኑበት የጌቶች ቡድን ጋር እኩል ወጣን። ጨዋታው የሚደገመው እዚያው ሎንዶን ነው፤ የፋብሪካው አለቃ ደግሞ «ሁለተኛ የሄደ ሥራ የለውም» ብሎ ምሏል። ተጨማሪ ሰዓት የሚፈቀደው ሁለቱ አምበሎች ከተስማሙ ስለሆነ አምበላችን ኢኖክ ቆቡን አውልቆ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ግማሽ ሰዓት ጨምረን ዛሬውኑ ይለይልን።»

«እንደ አምበል አልስማማም» አሉ ሎርዱ። «ልጆቼ ደክመዋል።»

«እንግዲያው ለማኅበሩ ሊቀመንበር አቤት እላለሁ።»

«መብትህ ነው።» ኮታቸውን ደርበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሊቀመንበሩም እሳቸው ናቸዋ። «አቤቱታህን ሰምቻለሁ። ግን በአምበሎች ጉዳይ ጣልቃ አልገባም። ደግሞ ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ግትር ነው።»

ኢኖክ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አሁን ለማን አቤት ይባላል?» አለኝ።

«ለእግዜር።»

«እሱም ከነሱ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ተምሮ ይሆናል» አለ።

ለድጋሚው ግማሾቻችን ለእንጀራቸው ፈርተው ቀሩ። የተረፍነው ሥራችንን ጥለን፣ ባቡር ላይ ቆመን ሄድን። ጎላችን ወንፊት ሆነ። ስድስት ለባዶ ሲመሩ ሎርዱ ሌላ አገቡ፤ ዳኛውም አጸደቀ። እሳቸው ግን፣ «በእጄ ነክቻታለሁ፣ ጎል አይደለም» ብለው ሻሩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ለዚህ ጨዋነት ላመስግን ወይስ ላልቅስ? ወዲያው ደግሞ ቅልጥሜን ብለው ጣሉኝ።

መራመድ አቃተኝ። ክቡርነታቸው አዘሉኝ። በአደባባይ፣ ጭቃ በጠጣ ነጭ ሱሪያቸው፣ እያለከለኩ እስከ ባቡር ጣቢያ። ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። እኔ ጀርባቸው ላይ ሆኜ አነባለሁ፤ ዋንጫው ሄደ፣ ሥራዬ ሄደ፣ ቡድናችንም ከዚያች ቀን ወዲያ የለም።

ባቡሩ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ ቶሎ አልወረዱም።

«ለከርሞ ትመጣላችሁ አይደል?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ፈርቷል። «እነዚያ የኔዎቹ ሲነኳቸው ይወድቃሉ። ያለ እናንተ ከማን ጋር እጫወታለሁ?»

ቡድኑ መፍረሱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«እንመጣለን፣ ጌታዬ» አልኳቸው።