የዶኛ ኦብዱሊያ አረፋ

[ከኢሳቤላ ደሴት በስተ ሰሜን፣ ባሕር መሐል ብቻውን የቆመ ጥቁር ቋጥኝ አጠገብ። ጠዋት ነው። በትንሽ የጎማ ጀልባ ላይ ሁለት አበልጆች ተቀምጠዋል። ሊሳንድሮ ነጭ ባርኔጣ ደፍቶ የሞተሩን መሪ ይዟል። ቶሪቢዮ ከፊት ሆኖ ወደ ውሃው አጎንብሷል። የጀልባው ባለቤትና የሁለቱ አሠሪ፣ እመቤት (ዶኛ) ኦብዱሊያ፣ አምስት እንግዶች አስከትለው ከጠለቁ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል። ከጀልባው አጠገብ አረፋ ይፍለቀለቃል።]

ሊሳንድሮ፦ ትልቁ የእሳቸው ነው አልኩህ እኮ።

ቶሪቢዮ፦ ትልቁ የትኛው ነው?

ሊሳንድሮ፦ ያ፣ ረጋ ብሎ የሚወጣው። የአሠሪ አረፋ አይጣደፍም። [ባርኔጣውን አውልቆ ለአረፋው እጅ ይነሳል] እንደምን አደሩ፣ ዶኛ ኦብዱሊያ።

ቶሪቢዮ፦ ይሰሙሃል?

ሊሳንድሮ፦ ባይሰሙም አክብሮት አይጎዳም። ጠዋት ያሉትን ሰምተሃል። «ራሴን ከውሃ ሳወጣ ጀልባውን ፊቴ ያመጣልኝ ሰው፣ ማክሰኞ የአዲሲቱን ጀልባ መሪ ይይዛል። ሌላው የአየር ሲሊንደር ሲያጥብ ይኖራል» ነው ያሉት።

ቶሪቢዮ፦ ሰምቻለሁ። እዚያው ነበርኩ።

ሊሳንድሮ፦ ነበርክ ማለት ሰማህ ማለት አይደለም። አንተ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የአየር ቱቦ ጎርሰህ ከባሕር ወለል የባሕር ኪያር የሚሉትን ፍጥረት ስትለቅም የኖርክ ሰው ነህ። ጆሮህ ውስጥ እስከ ዛሬ ውሃ አለ።

ቶሪቢዮ፦ በግራው ብቻ።

ሊሳንድሮ፦ ሚስቴ ለመንደሩ ሁሉ ተናግራለች። ማክሰኞ የመንደራችን የቪላሚል ሰው በሙሉ ወደብ ይወጣል። ልጄ፣ ያቺ የክርስትና ልጅህ ደግሞ እኔን መሪው ላይ አቁማ ሥዕል ሥላለች። ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል።

ቶሪቢዮ፦ ሥዕሉ ላይ እኔ አለሁ?

ሊሳንድሮ፦ አለህ። ሲሊንደር ታጥባለህ።

ቶሪቢዮ፦ ልጅቱ እጇ ጥሩ ነው።

ሊሳንድሮ፦ እኔ ሦስት ሳምንት ተምሬ ወረቀት ያገኘሁ ሰው ነኝ። አረፋው ሲሄድ እንሄዳለን፣ አረፋው ሲቆም እንቆማለን። ትምህርቱ በሙሉ ይኸው ነው።

ቶሪቢዮ፦ ለዚህ ሦስት ሳምንት ፈጀ?

ሊሳንድሮ፦ [እንዳልሰማ ሆኖ] ትንንሾቹ የጀርመኑ ናቸው። ቆጣቢ ነው። ያ የሚንጣጣው የሚስቱ ነው። ውሃ ውስጥም አፏ አያርፍም።

ቶሪቢዮ፦ አበልጄ፣ ዛሬ ውሃው ወደ ምዕራብ ይነዳል።

ሊሳንድሮ፦ ቢነዳስ?

ቶሪቢዮ፦ አረፋው አልተነዳም። ከመጣን ጀምሮ እዚሁ ነው።

ሊሳንድሮ፦ ድንጋይ ጨብጠው ነዋ። ሻርክ ሊያዩ ድንጋይ ጨብጠው ይጠብቃሉ። ሻርኩ ያልፋል፣ እነሱ ይወጣሉ፣ «አየነው» እያሉ ምሳ ይበላሉ። አንተ ታች በነበርክ ጊዜ ሻርክ አላየህም?

ቶሪቢዮ፦ አይቻለሁ። ድንጋይ ግን አልጨበጥኩም። ወደ ቤቴ ነው የሄድኩት።

[ቶሪቢዮ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል።]

ቶሪቢዮ፦ ይሸታል።

ሊሳንድሮ፦ ምኑ?

ቶሪቢዮ፦ አረፋው። የተበላሸ እንቁላል፣ የተበላሸ እንቁላል ይላል።

ሊሳንድሮ፦ [አሽትቶ ፊቱን ያዞራል] ወጥ ሠሪው ኤፍራይን ነው። ጠዋት የጠበሰላቸውን እንቁላል ገና ሳየው አላማረኝም።

ቶሪቢዮ፦ እኔም ከዚያው በልቻለሁ። እንዲህ አልሆንኩም።

ሊሳንድሮ፦ አንተን ነፋስ ያናፍስሃል። እነሱ በጎማ ልብስ ታፍነው ነው።

ቶሪቢዮ፦ ትልቁም ይሸታል እኮ።

ሊሳንድሮ፦ ትልቁ አይሸትም።

ቶሪቢዮ፦ ጠጋ ብለህ አሽትተው።

ሊሳንድሮ፦ የዶኛ ኦብዱሊያ ነው አልኩህ። እንጀራዬን የሚሰጠኝ ሰው እስትንፋስ አይሸተኝም።

[ቶሪቢዮ እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ ያቆያል።]

ቶሪቢዮ፦ ሞቅ ይላል።

ሊሳንድሮ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ይህን ለማንም እንዳትናገር።

ቶሪቢዮ፦ የቱን?

ሊሳንድሮ፦ ታች ይበርዳል። ሰው ሲበርደው እዚያው ልብሱ ውስጥ ይለቀዋል። መጽሐፉ ላይ የለም፤ መምህሩ ግን በሹክሹክታ ነግሮናል።

ቶሪቢዮ፦ ስድስቱም?

ሊሳንድሮ፦ አምስቱ። ዶኛ ኦብዱሊያ አይለቁም።

ቶሪቢዮ፦ አምስት ሰው ባሕር ያሞቃል?

ሊሳንድሮ፦ ጀርመኖቹ ጠዋት ስንት ብርጭቆ ጭማቂ እንደጠጡ አላየህም?

[ቶሪቢዮ እጁን አውጥቶ ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ጥቂት ያስባል።]

ቶሪቢዮ፦ አበልጄ፣ አንድ ነገር ልበል?

ሊሳንድሮ፦ አትበል።

ቶሪቢዮ፦ እሺ።

ሊሳንድሮ፦ ምን ልትል ነበር?

ቶሪቢዮ፦ ይኼ ቋጥኝ እኮ ከታች...

ሊሳንድሮ፦ ስለ ቋጥኙ ለእኔ ልታስተምር ነው? ይኼ ቋጥኝ የተራራ ጫፍ ነው። ተራራው እሳተ ገሞራ ነው። እነዚህን ደሴቶች ሁሉ የወለዳቸው እሳት ነው። ገጽ አርባ ሁለት። አንብበኸዋል?

ቶሪቢዮ፦ ገጹን አላነበብኩም። ተራራው ላይ ግን ተቀምጬበታለሁ።

ሊሳንድሮ፦ ተቀምጠህበት ምን አወቅህ?

ቶሪቢዮ፦ መቀመጫ ያሞቃል።

ሊሳንድሮ፦ ዝም ብለህ አረፋህን ጠብቅ።

[ጊዜው ይሄዳል። ሊሳንድሮ ሰዓቱን ያያል፣ ይነቀንቀዋል፣ ደግሞ ያያል።]

ቶሪቢዮ፦ ስንት ሆነ?

ሊሳንድሮ፦ ስልሳ አምስት ደቂቃ።

ቶሪቢዮ፦ አየሩ ስንት ደቂቃ ይበቃል?

ሊሳንድሮ፦ ሃምሳ። ቢበዛ፣ ቢበዛ ሰባ።

ቶሪቢዮ፦ አረፋው ግን አልቀነሰም። እንዲያውም በዝቷል።

ሊሳንድሮ፦ [ብድግ ይላል፤ ጀልባው ይናጣል] በዛ? ሰው አየር ሲያልቅበት ይጨነቃል፣ ሲጨነቅ ያለችውን ሁሉ ይተነፍሳል። እመቤቴ ማርያም ሆይ። ቋጥኝ ሥር ተቀርቅረው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ ያላሉት ለካ ተቀርቅረው ነው።

ቶሪቢዮ፦ አበልጄ፣ ከኋላህ...

ሊሳንድሮ፦ ወደ ኋላ ማየት የለም። ዓይን አረፋ ላይ። አዲሲቱን ጀልባ አሁን ማን ይሰጠኛል? ወንድ ልጃቸው እንደሆነ ዓይኔን ማየት አይፈልግም። [ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያደርጋል] ዶኛ ኦብዱሊያ ደግ ሰው ነበሩ። ይሳደባሉ እንጂ ደግ ነበሩ።

ቶሪቢዮ፦ ከኋላህ ፊኛ ወጥቷል።

ሊሳንድሮ፦ የምን ፊኛ? ሰው እያለቀ አንተ የልደት በዓል ይታይሃል? መሪውን ያዝ። እኔ እወርዳለሁ። ምንም ነገር እንዳትነካ።

[መነጽሩን አጥልቆ፣ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ አረፋው መሐል ይዘላል።]

ቶሪቢዮ፦ [ለራሱ] መሪውን ያዝ አለ። ምንም እንዳትነካም አለ። [ያስባል] የቀደመውን ልያዝለት።

[ሞተሩን አስነስቶ ወደ ምዕራብ ይነዳል። እዚያ፣ ጠላቂዎች ሊወጡ ሲሉ ከታች የሚለቁት ረጅም ብርቱካናማ ፊኛ ውሃው ላይ ቆሟል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዶኛ ኦብዱሊያንና አምስቱን እንግዶች አሳፍሮ ይመለሳል። ሊሳንድሮ አረፋው መሐል ይንሳፈፋል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።]

ሊሳንድሮ፦ [መነጽሩን ሳያወልቅ] ቶሪቢዮ፣ ታች ሰው የለም። ከድንጋይ ስንጥቅ ነው የሚወጣው። ሁሉም ጠፍተዋል። አንተ የክርስትና ልጅህን አደራ... [መነጽሩን ያነሳል] እንደምን አደሩ፣ ዶኛ ኦብዱሊያ።

ቶሪቢዮ፦ እዚያ ምን እንደምትሠራ እየጠየቁህ ነው።

ሊሳንድሮ፦ አረፋቸውን እየጠበቅኩ ነው በላቸው።

ቶሪቢዮ፦ [ወደ ኋላ ያዳምጣል] እንዲህ የሚሸት አረፋ የለኝም ይላሉ።

ሊሳንድሮ፦ ታዲያ የማን ነው?

ቶሪቢዮ፦ የተራራው ነዋ። ያንተው ገጽ አርባ ሁለት። ሆዱን ሲነፋው ይለቀዋል።

[እንግዶቹ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው ዶኛ ኦብዱሊያን አይተው ይስቃሉ። ሊሳንድሮ የጀልባውን ጠርዝ ይዞ ይንጠለጠላል።]

ሊሳንድሮ፦ [በለሆሳስ] ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር?

ቶሪቢዮ፦ አውቅ ነበር። አንዱ ዓይኔ አንተ ላይ፣ አንዱ ምዕራብ ላይ ነበር።

ሊሳንድሮ፦ አፍ የለህም?

ቶሪቢዮ፦ ልናገር ስል «አትበል» አልከኝ። ደግሞም መሪውን እኔም እፈልገው ነበር። ራሳቸውን ሲያወጡ ፊታቸው ደረስኩ።

ሊሳንድሮ፦ ሥዕሉስ?

ቶሪቢዮ፦ ልጅቱ ቦታ ታለዋውጠን።

ሊሳንድሮ፦ ሳቅ እንግዲህ። በአበልጅህ ሳቅ።

ቶሪቢዮ፦ አልስቅብህም። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ፣ እዚሁ ቦታ፣ የተራራ ፈስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቄያለሁ። [የተንሳፈፈውን ባርኔጣ ከውሃው ላይ ያነሳል፣ ያራግፋል፣ ያቀብለዋል] ባርኔጣዬን ግን አላወለቅኩለትም።