ርኅሩኁ መሥሪያ ቤት

በአውስትራሊያ፣ በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ ጦር ሰፈሩ ባለባት ከተማችን ውስጥ፣ ለሰው ሥቃይ እንደዚያ መሥሪያ ቤት የሚጨነቅ አይገኝም። ሥራው በውትድርና ተጎድተው ሌላ ሥራ መሥራት ያቃታቸውን ሰዎች መዝኖ ጡረታ መፍቀድ ነው። ሲፈቅድ በዓይኔ አላየሁም፤ ሲመዝን ግን አይቻለሁ። እኔ ከቀድሞ ወታደሮች ክበብ በጎ ፈቃደኛ ነኝ፤ አመልካች ሲጠራ አብሬው ገብቼ እቀመጣለሁ።

ግሬም ፔንሮዝ አፍጋኒስታን ሳለ የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ፈንጂ ላይ ወጥቶ ሁለት ጓደኞቹ እቅፉ ውስጥ ሞተዋል። አገሩ ሲገባ የሕንፃ ዕቃ መደብር ተቀጥሮ ነበር። ዕቃ ማንሻዋ መኪና ወደ ኋላ ስትሄድ ጡሩምባዋ በጮኸ ቁጥር መደርደሪያ ሥር ገብቶ ይተኛል፤ ቀለም ፈላጊው ደንበኛ ተራምዶት ያልፋል። ሚስቱ ኖሊን ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ታጸዳለች። ጡረታው ቢፈቀድ የሌሊቱን ሥራ ትታ፣ ባሏ ሲባንን አጠገቡ ትሆናለች። የለመኑት ይህንኑ ነው።

መርማሪው ትሬንት የሚባል ጨዋ ልጅ ነበር፤ «ስለ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን» ሳይል ወንበር እንኳ አያሳይም።

«ቀጠሮዎን አክብረው መጥተዋል» አለ ለግሬም። «ይኼ የጥሩ ሠራተኛ ጠባይ ነው።»

«ባልመጣስ ኖሮ?»

«ጉዳይዎ ይዘጋ ነበር።»

«ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ፤ መንዳት አይችልም» አለች ኖሊን።

«መጓጓዣም አላቸው ማለት ነው» አለ ትሬንት በደስታ። «በሉ፣ የደረሰብዎትን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ምንም እንዳያስቀሩ።»

ግሬም ነገረው። በማግስቱም ተጠርቶ ደገመለት፤ ማን ቀድሞ እንደጮኸ፣ ማን ቆይቶ ዝም እንዳለ፣ ምን ምን እንደሸተተ፣ መመሪያው ስለሚያዝ አንድ በአንድ ተጠየቀ። ሸሚዙ በላብ ራሰ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ፤ ሌላ የማይበት አጣሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ የትሬንት ወንበር ባዶ ነበር። ኃላፊዋ ዴርድሪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተቀበለችን።

«ትሬንት ታሟል። እናንተ ከነገራችሁት በኋላ እንቅልፍ አጣ፤ የመኪና በር ሲዘጋ ይበረግጋል። መሥራት ስለማይችል ሙሉ ደመወዙ እየተከፈለው እንዲያርፍ ወዲያው ወስነንለታል።»

«ወዲያው?» አለች ኖሊን። «አልመረመራችሁትም?»

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው እንዴት ጤነኛ ይሆናል?»

«የኔ ባል እኮ አልሰማውም። እዚያው ውስጥ ነበር።»

«እሱ ገና በመጣራት ላይ ነው» አለች ዴርድሪ፣ ከልቧ እያዘነች።

ስታዝን ደግሞ ያምርባታል፤ አልዋሽም፣ በዚያች ሰዓት ጠረጴዛውን ልገለብጥባት ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን አዲሷን መርማሪ አስገባች። ታሻ ትባላለች፤ ከተቀጠረች ሳምንቷ ነው።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለች ታሻ። «ምንም እንዳያስቀሩ።»

ግሬም አያት አያትና፣ «ልጅ አለሽ?» አላት።

«አንዲት። ሦስት ዓመቷ ነው።»

«ማታ ማን ያስተኛታል?»

«እኔ ነኛ።»

ግሬም ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ። «እንግዲያው ላንቺ አልነግርሽም፣ የኔ ልጅ። ይቅርብሽ» አለና ወጣ። ኖሊን ቦርሳዋን አንሥታ ተከተለችው።

ውሳኔው ሳይውል ሳያድር መጣ። ስለ አገልግሎቱ ካመሰገነ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «አመልካቹ በምዘናው ወቅት ለሠራተኛችን ደኅንነት ያሳዩት አሳቢነት፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ተግባብተው መሥራት እንደሚችሉ በበቂ ሁኔታ ያረጋገጠ ስለሆነ፣ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም።»