ጋሼ ፎቅ ምድር ቤቱን ነፃ እንዳወጡ

ሠፈሩ «ጋሼ ፎቅ» የሚላቸው የላይኛው ቤት ጌታ የነፃነት አባት ናቸው። ይህን ራሳቸውም ደጋግመው ተናግረውታል።

በቤታቸው ያለ ድምፅ ብልጫ መብራት እንኳ አይጠፋም። ቁርስ ላይ እንቁላሉ ይጠበስ ወይስ ይቀቀል ሲባል እሳቸው፣ ሚስታቸውና ልጃቸው እጅ ያወጣሉ፤ ተቆጥሮ ይጸድቃል። የሚስታቸው ወንድም ግን ሶፋው ላይ ስለሚያንኮራፋ ድምፀ ተዓቅቦ ይባልለታል። ለዓመታት እንዲሁ ተዓቅቧል።

ታች ምድር ቤት ልብስ ሰፊዋ ከባሏ፣ ከልጇና ከባሏ እናት ጋር ትኖራለች። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ናት፤ ብርሃን ያለው እዚያ ብቻ ነው። አራት አፍ የሚያድረው በዚያች መኪና ነው። እዚህ ቤት እጅ አይወጣም፤ ልብስ ሰፊዋ «ብሉ» ስትል ይበላል፣ «ተኙ» ስትል ይተኛል።

ጋሼ ፎቅ ይህን ሲሰሙ እህል አልወርድ አላቸው። አንድ ጠዋት የሚስታቸውን ወንድምና ዲጂኖ ይዘው ወረዱና የምድር ቤቱን በር ገነጠሉት።

«ጋሼ፣ በሩ እኮ ክፍት ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ አውጥታ።

«ጭቆና ያለበት ቤት በሩ ክፍት ቢመስልም ዝግ ነው፣ እህቴ። በሉ፣ ቤቱን ማን ይምራ? እጅ አውጡ።»

ሁሉም ለልብስ ሰፊዋ አወጡ። በጨው ልክ እንኳ ከምራታቸው ተስማምተው የማያውቁት አሮጊት ሳይቀሩ።

ጋሼ ፎቅ አዘኑ። «ፈርታችሁ ነው። ገና አልበሰላችሁም። እስክትበስሉ አማቼ በአደራ ያስተዳድራችኋል።»

«አማችህ ራሱን መች አስተዳደረና ነው ልጄ?» አሉ አሮጊቷ።

ጥያቄው ጊዜውን ያልጠበቀ ነው ተብሎ ታለፈ። የስፌት መኪናዋ ኮሪደር ወጣች፤ ባለአደራው መስኮቱ ሥር ፍራሹን ዘርግቶ በከፍተኛ ድምፅ ያስተዳድር ጀመር።

ኮሪደሩ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ልብስ ሰፊዋ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ግራ እግር ከቀኙ ጋር ሰፋችው። «እኔ እየዘለልኩ አልሄድም» ብሎ ሄደ። ሌላዋም ጨርቋን ተቀብላ ወጣች። ሥራ ቀረ፤ ድስቱም ባዶውን ዋለ።

ልብስ ሰፊዋ ባዶውን ድስት አየችና ተነሣች። መኪናዋን ለባሏ አሸክማ፣ ልጇንና አሮጊቷን አስከትላ ወደ ፎቅ ወጣች። ጋሼ ፎቅ ቁርስ ላይ «ለባለአደራው አንድ ዓመት ይጨመርለት የምትሉ» እያሉ ነበር። ሚስታቸው ሁለቱንም እጃቸውን አውጥተዋል።

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ከሳሎኑ ትልቅ መስኮት ሥር አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የኛ ቤት ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው አሉ ጋሼ፤ ድምፅ ልንሰጥ መጣን። አይጨመርለት የምትሉ?»

አራት እጅ ወጣ።

«እናንተ የዚህ ቤት ሰዎች አይደላችሁም። በሰው ቤት ጉዳይ ጣልቃ መግባት ነውር ነው።»

«ይቆጠር» አሉ አሮጊቷ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ።

«አራት ለሦስት ነው አባዬ» አለ ልጃቸው።

«ቀጥሎ ደግሞ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ክሩን በአንዴ እያሾለከች፣ «ለሰባታችን ምሳ ማን ይሥራ የሚለውን እናንሳ።»

ምሳ ሳይደርስ ባለአደራው ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ሶፋው ተመለሰ።

ጋሼ ፎቅም ደጅ ወጥተው ለጎረቤት ንግግር አደረጉ። ምድር ቤቱ በስሏል፤ ነፃ የማውጣቱም ሥራ ልክ በታሰበው መንገድ በድል ተጠናቋል አሉ። ተጨበጨበላቸው። ንግግራቸውን ጨርሰው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ ላይ አረፈ።

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ተወውና የበሩን ማጠፊያ ፈታ፤ በሩን ተሸክሞ ሄዶ ጓሮ ደበቀው።