የአኮርዲዮን አስመላሽ ኮሚቴ

ታላላቅ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሥራ የሚሠሩና ሥራውን የሚሠራ ኮሚቴ የሚያቋቁሙ። የመጀመሪያዎቹ ተርታ ስለሆኑ እንለፋቸው። የዚህ ታሪክ ባለቤት ከሁለተኛዎቹ ወገን የሆኑት የከተማው ባህል ክፍል ኃላፊ ናቸው። ጣራ ሲያፈስ «ኮሚቴ ይቋቋም» ይላሉ። የጣራው ኮሚቴ ሳይሰበሰብ ከረመ ሲባሉ «ለምን እንዳልተሰበሰበ የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋም» ይላሉ። ጣራው እስከ ዛሬ ያፈሳል፤ ነገር ግን በዚያች ከተማ የዚያን ጣራ ያህል የተጠና ጣራ የለም። ሠራተኛው በዚህ ምክንያት «አቶ ይቋቋም» የሚል ስም አወጣላቸው። እርሳቸውም ማዕረግ መስሏቸው ወደዱት።

እንግዲህ እኚህ ሰው አንድ ሰኞ ጠዋት ክፉ ወሬ ሰሙ። የባህል ክፍሉ «ተጨባጭ ውጤት ባለማስመዝገቡ» ታጥፎ በመናፈሻ ክፍል ሥር ሊገባ ነው። የመናፈሻ ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የገዛ ሚስታቸው ታናሽ ወንድም ነው። ይህ ልጅ አደባባዩ ላይ አበባ ተክሎ አበባው በቅሎለታል፤ ያውም ያለ አንድ ስብሰባ። አቶ ይቋቋም ይህን በቤተሰቡ ላይ እንደተፈጸመ ድፍረት ይቆጥሩታል። አሁን ከዚያ ልጅ ጠረጴዛ ፊት ቆመው ለውሃ ማጠጫ ጎማ መግዣ ሲያስፈርሙ ታያቸው። የቀራቸው ተስፋ አንድ ነው፤ የበላይ አካል በወሩ መጨረሻ መጥቶ ይጎበኛል፣ ውጤት ካየ ክፍሉ ይተርፋል።

ጸሐፊያቸውን አስጠሩ።

«እስካሁን ያስመዘገብነው ተጨባጭ ውጤት ምንድን ነው?»

ጸሐፊዋ ትንሽ አሰበች። «አምና ጠፍቶ የነበረው ማኅተም ተገኝቷል።»

«እሰይ። የት ተገኘ?»

«ኮትዎ ኪስ ውስጥ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እርሳቸው ግን አስተዋይ ስለሆኑ ከዚች መልስ ትልቅ ቁም ነገር ፈለቀቁ፤ ለካ ውጤት ማለት የጠፋ ነገር ማግኘት ነው። በከተማው ከጠፋው ነገር ሁሉ ደግሞ እንደ ጣተ ወርቅ አኮርዲዮን ስሙ የገነነ የለም።

«ሦስቱ መብረቆች» የሚባል ባንድ ነበረ። አባላቱ አምስት ነበሩ፤ የጥበብ ሰው በቁጥር አይታሰርም። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአኮርዲዮን ተጫዋቹ በጣተ ወርቅ ግቢ ውስጥ፣ ዶሮ ሳይቀድማቸው እየተነሡ ይለማመዱ ነበር። ዝናቸው ከከተማው አልፎ እስከ ጎረቤት ከተማ ይሰማ ነበር፤ በተለይ ነፋስ ሲኖር። ዘፈናቸው አንድ ነው። እሷም መሐል ላይ ስትደርስ አንድ ቦታ ትሰበራለች፣ በተሰበረች ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀምሯታል። በዚህ ዓይነት ትጋት ላይ እንዳሉ አንድ ቀን ጣተ ወርቅ ከገበያ ሲመለስ አኮርዲዮኑ የለም። ባንዱም ተበተነ።

የጣተ ወርቅ ስም ከፍ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዘፈኗን አንድም ቀን ሰምተው የማያውቁ ወጣቶች ስለ ዘፈኗ እንባ ያፈስሳሉ። ሬዲዮው «ዝም ያለው ታላቅ» ይለዋል። ጎረቤቶቹማ አይወራም፤ ዳቦ ያመጡለታል፣ አጥሩን ይጠግኑለታል፣ ደጃፉ ላይ አብረውት ፀሐይ እየሞቁ «ምነው ያ አኮርዲዮን በነበረ» ይሉታል። ይህን ሲሉ ሁልጊዜ መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት። ሐዘን ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል።

አቶ ይቋቋም ሳይውሉ ሳያድሩ የአኮርዲዮን አስመላሽና የባንዱን ዘላቂ ተጽዕኖ አጥኚ ኮሚቴ አቋቋሙ። እርሳቸው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊዋ ጸሐፊ፣ ድምፅ ተሰጥቶበት በሙሉ ድምፅ አለፈ። ከዚያም ወደ ጣተ ወርቅ ሰፈር ወረዱ፤ ሰፈሩ የራሳቸውም ሰፈር ስለሆነ መንገዱ አልጠፋቸውም። መጀመሪያ የተጠየቀው የጣተ ወርቅ የግድግዳ ጎረቤት የሆነው ልብስ ሰፊ ነው።

«ባንዱ በሕይወትህ ላይ ያሳደረው ዘላቂ ተጽዕኖ ምንድን ነው?»

«ግራ ጆሮዬ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ዘርዘር አድርገው።»

«አይሰማም።»

ሰብሳቢው ለጸሐፊዋ «ባንዱ በግለሰብ ደረጃ የማይፋቅ አሻራ ትቷል በይ» አሏትና ቀጠሉ። «ሌላስ? በማኅበረሰብ ደረጃ?»

«እሱ ብዙ ነው፣ ጋሼ። በፊት ጎረቤት ለጎረቤት ሰላም አንባባልም ነበር። አንዱ በሌላው አጥር ላይ ቆሻሻ ይደፋል። መብረቆቹ ልምምድ ከጀመሩ በኋላ ግን አንድ ልብ፣ አንድ ሐሳብ ሆንን።»

አቶ ይቋቋም አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ሙዚቃ ሕዝብን እንደሚያስተባብር በየንግግራቸው ይናገሩ ነበር፤ እውነት መሆኑን ግን ገና አሁን ሰሙ።

«ለመሆኑ አኮርዲዮኑ ማን ዘንድ እንዳለ ታውቃለህ?»

የልብስ ሰፊው መርፌ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ ቆየና ከጠረጴዛው ሥር እንዳለ «የዚህን ወር አላውቅም» አለ።

ጸሐፊዋ ቀና ብላ ልብስ ሰፊውን አየችው፤ ከዚያ አለቃዋን አየች፤ ከዚያ ምንም ሳትጽፍ አጎነበሰች። እሷም የዚያው ሰፈር ልጅ ናት። ሰብሳቢው ግን «አያውቅም» ብለው አልፈው ሄዱ።

ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞሩት። ሁሉም ባንዱን ያመሰግናል፣ አኮርዲዮኑን ግን ያየ የለም። የወሩ መጨረሻ ደረሰ። በጉብኝቱ ዋዜማ ጠዋት አቶ ይቋቋም ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጫማቸውን ለማሰር መኝታ ቤታቸው ያለው የብርድ ልብስ ክምር ላይ ዘፍ አሉ። ክምሩ ረዥም፣ የታመመ በሬ የመሰለ ድምፅ አሰማ።

ተነሡ፤ ዝም አለ። ተቀመጡ፤ አቃሰተ። ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ አነሡ። ከሥር አኮርዲዮኑ ነው፤ ጎኑ ላይ «ጣተ ወርቅ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ሚስታቸው በሩ ላይ ቆማለች። አልደነገጠችም፤ የደከማት ትመስላለች።

«ምን ይሠራል እዚህ?» አሉ እርሳቸው።

«ተራችን ነው።»

«የምን ተራ?»

«የሰፈሩ ነዋ። አንድ ወር አንድ ቤት፣ በሚቀጥለው ወር ቀጣዩ ቤት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዱቄት ጆንያ ውስጥ ከትተን በጠራራ ፀሐይ ነው የምናሻግረው፤ ጆንያ የተሸከመን ማን ይጠይቃል።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ?»

«መጀመሪያ እንቅልፍ ለማግኘት ነበር። ከዚያ ሰዉ ከተገናኘ አይቀር ብሎ ቧንቧውን አስገባ፣ መንገዱን ጠረገ። ወንዙ ላይ ያለውንም ድልድይ ያኔ ነው ሠርተን የጨረስነው።»

አቶ ይቋቋምን ከአኮርዲዮኑ ይልቅ ይህ አስደነገጣቸው። «ሰብሳቢው ማን ነው?»

«የለም።»

«ቃለ ጉባኤስ?»

«ምን ያደርጋል?»

«ታዲያ በምን ይሠራል?»

«ተራው የደረሰው ይሸከማል።»

በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ሥርዓት አልባነት ሰምተው አያውቁም። «ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርህ ኮሚቴ ታቋቁምለታለህ፤ ከዚያ ሥራው ይቆማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ሲያወራ ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እባክህ አታውጣው።»

«ወንድምሽ ሥር ልግባ?»

«ወንድሜ ሥር የገባ ሁሉ አብቧል» አለች ሚስታቸው።

ይቺ ቃል ጉዳዩን ዘጋችው። አቶ ይቋቋም አኮርዲዮኑን አቅፈው ወጡ፤ በየደጃፉ የቆሙት ጎረቤቶች ቀብር እንደሚያሳልፍ ሰው አዩአቸው።

በማግሥቱ የበላይ አካል መጣ። የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። አቶ ይቋቋም በንግግራቸው አኮርዲዮኑ የተገኘው «በረቀቀ ጥናትና በቤት ለቤት አሰሳ» መሆኑን ገለጹ፤ ይህም ውሸት አይደለም፣ ቤቱ የእርሳቸው መሆኑ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ጣተ ወርቅ መድረኩ ላይ ወጣ። አኮርዲዮኑን ሲያይ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ብዙ አለቀሰ። ወደ አቶ ይቋቋም ጆሮ ጠጋ ብሎ «ምነው ጋሼ፣ ምን አደረግሁዎት?» አለ፤ እርሳቸውም ምስጋና መሆኑ ገብቷቸው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ተጫወት ሲባል «ይቅርብኝ» አለ፤ በትሕትናው ጭብጨባው ደመቀ።

ተጫወተ። ዘፈኗ ያችው ናት፤ የብርድ ልብስ ሽታና የሠላሳ ዓመት ቂም ብቻ ተጨምሮባታል። መሐል ላይ ስትደርስ እዚያችው ቦታ ተሰበረች። ልብስ ሰፊው ግራ ጆሮውን አዞረላት። የበላይ አካል ግን በእንባ ተውጦ አጨበጨበ፤ አመሻሹ ላይ ወደ መጣበት ተመላሽ ነበር።

«ይህ ነው ተጨባጭ ውጤት!» አለ። «ክፍሉ አይታጠፍም። እንዲህ ያለ ቅርስም ዳግመኛ አይጠፋም፤ ከነገ ጀምሮ አርቲስቱ በሥራ ሰዓት በኃላፊው ቢሮ ውስጥ ይጫወታል፣ ኃላፊውም በግላቸው ይጠብቁታል።»

አቶ ይቋቋም የተመኙትን አገኙ። ከዚያ በኋላ በየዕለቱ ቢሮው ሲከፈት ዘፈኗ ትጀምራለች፣ ትሰበራለች፣ ትጀምራለች። ባለጉዳይ መምጣት ተወ። ስብሰባ ሲጠሩ የሚሉት ለራሳቸውም አይሰማቸውም፤ ይህ ከሁሉ በላይ ቆረቆራቸው። ጣተ ወርቅም ቀን በቀን መነመነ፤ ዳቦ የሚያመጣለት፣ አብሮት ፀሐይ የሚሞቅ ጠፋ። ሰፈርተኛው ሲያየው መንገድ ይለውጣል። አቶ ይቋቋም አንድ ቀን እግራቸው ወስዷቸው መናፈሻ ክፍል ደጃፍ ቆሙና «አንድ ባዶ ወንበር አታጣም?» ብለው የሚስታቸውን ወንድም ጠየቁት። ልጁ አዘነላቸው። «ወንበሩስ ነበር፣ ጋሼ» አላቸው፣ «አኮርዲዮኑ አብሮዎት ይመጣል ብዬ ነው እንጂ።»

በማግሥቱ፣ ጣተ ወርቅ ምሳ በወጣበት፣ አቶ ይቋቋም ስብሰባ ሳይጠሩ፣ ድምፅ ሳይሰጥበት፣ በሥራ ዘመናቸው የመጀመሪያውን ሥራ ሠሩ። አኮርዲዮኑን ዱቄት ጆንያ ውስጥ ከትተው፣ ተሸክመው ቤታቸው ገቡ። ሚስታቸው ብርድ ልብሶቹን አነሣችላቸው። ከሰዓት በኋላ እርሳቸው በታላቅ ሐዘን «ቅርሱ ዳግመኛ ተሰውሯል፤ አስመላሽ ኮሚቴ ይቋቋም» አሉ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ጸሐፊዋ የሳቀችው መጻፏን ከጨረሰች በኋላ ነው።

ወሩ ሲያልቅ ሚስታቸው ጆንያውን ጀርባቸው ላይ ጫነችና መንገዱን አመለከተቻቸው፤ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ያለው በር ነው። አቶ ይቋቋም ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ደረሱና አንኳኩ። በሩን የከፈተው ጣተ ወርቅ ነው። ደጃፉ ላይ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ፊቱም ተመልሶ ወዝ አግኝቷል።

አቶ ይቋቋም ደንግጠው ጆንያውን ወደ ኋላቸው ሊደብቁ ሞከሩ። ጆንያው አቃሰተ።

«ቤት ተሳስቼ ነው» አሉ።

«አልተሳሳቱም» አለ ጣተ ወርቅ፣ ሸክሙን ከጀርባቸው እየተቀበለ። «የዚህ ወር ተራ የኔ ነው።»

«ያንተ? አንተም... ከመቼ ጀምሮ?»

ጣተ ወርቅ ጆንያውን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ውስጥ አስገባው፣ ብርድ ልብስ ደረበበት፣ ተመልሶም ከዳቦው ቆርሶ ሰጣቸው።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ነዋ፣ ጋሼ» አላቸው። «እኔም እኮ ጆሮ አለኝ።»