የሀጂ አብዱልወሀብ ይግባኝ

ዳኛ ባለበት ሜዳ ሁሉ፣ ከዳኛው አብልጦ የሚያይ አንድ ሰው ዳር ላይ አይጠፋም። የእኛው ሀጂ አብዱልወሀብ ናቸው፤ የደሴ ፒያሳ ጨርቅ ነጋዴ።

እኔ በሥራዬ የሒሳብ መምህር ነኝ። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ግን ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ኮምቦልቻ ላይ የአማተሮች የፈረስ ዝላይ እዳኛለሁ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ፈረሱ አግዳሚውን እንጨት ከጣለ አራት የቅጣት ነጥብ፣ አልዘልም ብሎ ከቆመም አራት። ለሁሉም ቀላል ነው፣ ለክቡር የሜዳ ዳር ሰበር ችሎት ካልሆነ በቀር። ሀጂ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ቁልቁለቱን በሚኒባስ ወርደው ይመጣሉ። ፈረስ የላቸውም፤ የሚጋልብ ዘመድም የላቸውም። ይዘው የሚመጡት ዣንጥላና አንድ ቃል ነው፦ «ይግባኝ!»

አንዴ አንድ ዳማ ፈረስ እንጨቱ ፊት ደርሶ ቀጥ አለ። አራት ብዬ ጻፍኩ።

«ይግባኝ! እምቢ መቼ አለ? እያሰበ እኮ ነው። አንተ ተማሪ ሲያስብ ትቀጣለህ?»

ፈረሱ አስቦ አስቦ ሣር መጋጥ ጀመረ። ሀጂ ግን ይግባኛቸውን አላነሱም።

ሌላ ጊዜ ሁለት ጋላቢዎች እኩል ወጡ። መቼም ወሎ አይደል፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሁለቱን ሊያስታርቁ ተቀመጡ። «ያ ጀመዓ፣ ያልተጣላ ሰው እንዴት ይታረቃል? ይልቅ እንደገና ይዝለሉ!» አሉ ሀጂ። እውነታቸውን ነበር፤ የዚያን ቀን ግን እሺ ብዬ ላስደስታቸው አልፈለግኩም።

ባለፈው ጥር ነገሩ የእኔው ቤት ገባ። የእህቴ ልጅ ኢንሻራህ የመጨረሻዋ ተወዳዳሪ ነበረች። አንደኛ የወጣ አዲስ አበባ ሄዶ ይወዳደራል፤ እሷም ለዚህች ቀን ሁለት ዓመት ለፍታለች። «አጎቷ አይደል የሚዳኘው?» ሲባባሉ እሰማለሁ። ልጅቷ የመጨረሻውን እንጨት ዘለለች፤ ወዲያው ነፋስ አቧራ አነሳ፤ እንጨቱም ዱብ አለ። ሳላወላውል አራት ቀጣኋት።

ሜዳው በጭብጨባ ቀለጠ። «ዳኛ ማለት ይሄ ነው! ለሥጋው የማያደላ!» ደረቴን ነፋሁ። ኢንሻራህ ከፈረሷ ሳትወርድ ታለቅሳለች።

«ይግባኝ!»

ሀጂ ዣንጥላቸውን እየተመረኮዙ ሜዳው መሃል ገቡ። «ሁዘይፋ፣ እንጨቱ ወዴት ነው የወደቀው?»

አየሁት። ወደ ኋላ፣ ልጅቷ ወደመጣችበት ነው የወደቀው።

«ፈረስ የመታው ቢሆን ወደፊት ይወድቅ ነበር። ይሄን የጣለው ከፊት የመጣው ነፋስ ነው። አንተም አላጣኸውም፤ ወሬ ፈርተህ ነው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ሲባል አልሰማህም? ያንተ ዘመድ መሆኗ ወንጀል ነው ወይ፣ በአላህ?»

አፈርኩ። ቅጣቱ ቢጸና አንደኛ የምትወጣው ራቢያ ራሷ፣ «ወላሂ ነፋስ ነው፣ እኔም አይቻለሁ» አለች። ቅጣቱን ሰረዝኩት። ያጨበጨበልኝ ሰው ሁሉ አጉረመረመብኝ።

«አሁንስ ረኩ፣ ሀጂ?»

«አብሽር፣ የልጅቷ ነገር አልቋል። ያ ሲያስብ የቀጣኸው ዳማ ፈረስ ግን ገና ነው።»

ከዚያ ወዲህ ከወንበሬ አጠገብ ለእሳቸውም ወንበር አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ተቀመጡና ግራ ቀኙን ቃኝተው፣ «ከዚህ ሆኖ አራተኛው እንጨት አይታይም፤ ይግባኝ!» አሉኝ። ወንበሩን አዛወርኩላቸው። ምን ላድርግ፣ እወዳቸዋለሁ። የደሴው ሚኒባስ የዘገየ ቀን፣ ሰዉ የፈለገውን ቢል፣ እሳቸው ሳይደርሱ ፊሽካ አልነፋም።