አርባ ሦስቱ የባሩድ ጣሳዎች

እትዬ ተረፈች አንድ ቅዳሜ ወደ ጎረቤታቸው ወደ አባይነሽ ቤት የመጡት የተዋሱትን ድስት ሊመልሱ ነበር። እጃቸውን ሊታጠቡ ብለው ኮሪደሩ ላይ የተሳሳተውን በር ከፈቱ። ሌላ ጊዜ ተቆልፎ የሚውለው ክፍል ያን ዕለት ለሳምንታዊው ቆጠራ ክፍት ነበር። ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርስ መደርደሪያ ላይ አርባ ሦስት ጣሳዎች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም የታሸጉ፣ ሁሉም የፊት ጽሑፋቸው ወደ በሩ የዞረ። በመስኮቱ በኩል ደግሞ በቤቱ ያለው አንድ ለናቱ የአየር ማቀዝቀዣ እየነፈሰላቸው ነው። እትዬ ተረፈች አራት ልጆች በዱቄት ወተት ያሳደጉ ሴት ስለሆኑ፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለማን እንደሚደረግ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ወጥ ቤት ተመልሰው አባይነሽን አቀፏት።

«አንቺ ክፉ! ከኔም ትደብቂያለሽ?»

«ምኑን እትዬ?»

«ስንት ወርሽ ነው?»

አባይነሽ ዕድሜዋ አርባ ዘጠኝ ነው። ማንኪያዋን እንደያዘች ዞረች። «የምኑ ወር?»

«ወተቱን አየሁት እኮ! ለመሆኑ መንታ ነው እንዴ? ለአንድ ልጅማ ይህ ሁሉ አይገዛም።»

«እሱ ወተት አይደለም እትዬ ተረፈች። የደመላሽ ባሩድ ነው።»

እትዬ ተረፈች አማተቡ። «ታዲያ ምን ሊያደርግበት ነው?»

«ምንም። አይከፈትም።»

ይህን ንግግር ኮሪደሩ ላይ ቆመው የሰሙት ባሏ ጋሽ ደመላሽ ልባቸው ቆሰለ። ወተት! ሦስት ዓመት ሙሉ ደክመው ያሰባሰቡት፣ በምዕራብ ሜልበርን ቀርቶ በምሥራቁም አቻ የሌለው ስብስብ፣ ለሚያለቅስ ሕፃን የሚበጠበጥ ወተት መሰለ! ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ በዘመናቸው ሳይታወቁ እንደሚቀሩ ራሳቸውን አጽናንተው ወደ ቆጠራቸው ተመለሱ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1995 ነበር። ጋሽ ደመላሽ ሰንሻይን በሚባለው የሜልበርን ሰፈር በሚገኝ የካርቶን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። የባሩድን ፍቅር ያስጀመራቸው ኬቨን የሚባል፣ ጡረታ የደረሰ የሥራ ባልደረባቸው ነው። ኬቨን አንድ እሑድ ወደ ተኩስ ክለብ ወሰዳቸውና ዓለም የማያውቀውን ምስጢር አሳያቸው፤ ለካ ጥይት ከሱቅ የማይገዛ ሰው አለ። የተተኮሰበትን ቀለህ ከመሬት ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በገዛ እጁ ባሩድ ሞልቶ፣ አዲስ እርሳስ ገጥሞ መልሶ ይተኩሳል። ለኬቨን ይህ ቢራ በቤት እንደ መጥመቅ ያለ የጡረተኛ ጨዋታ ነው። ለጋሽ ደመላሽ ግን ጥሪ ሆነባቸው። ፈቃድ አወጡ፤ አንድ ጠመንጃ ገዝተው በብረት ሣጥን ቆለፉ፤ ጋራዡ ውስጥ የጥይት መሙያ መሣሪያ በጠረጴዛ ላይ አሰሩ፤ አንድ ጣሳ ባሩድም ገዙ።

ጣሳውን ሊከፍቱ ሲሉ ግን ኬቨን ቀስ ብሎ የሚነድ ሌላ ዓይነት እንዳለ ነገራቸው። ያንንም ገዙ። ቀጥሎ ቶሎ የሚነደውን፣ ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ከዚያ ደግሞ ፋብሪካው መሥራት ያቆመውን፣ ከዚያም ሊያቆም ነው ተብሎ የሚጠረጠረውን ገዙ። በሦስት ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ዓይነት ባሩድ ሰበሰቡ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ በገዛ እጃቸው የሞሉት ጥይት ብዛት ዜሮ ነው።

«ጋሼ፣ አንዷን ከፍተን ብንሞክርስ?» ብሏቸው ነበር አንድ ቀን የፋብሪካ ባልደረባቸው ራጉኤል።

«ትከፍታትና ነገ ብትፈልጋትስ?» አሉት።

ራጉኤል ያነሣትን ጣሳ ወደ ቦታዋ መለሳት። ጋሽ ደመላሽ ክለብ ሲሄዱ ከሱቅ የተገዛ ጥይት ይዘው ይሄዱ ነበር።

ባሩድ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይወዳል። ዌስት ፉትስክሬይ ካለው ቤታቸው ቀዝቃዛው ክፍል በደቡብ በኩል ያለው፣ ፀሐይ የማይገባበት ነው፤ እሱ ደግሞ የልጃቸው የሂዊ ክፍል ነበር። ሂዊ ለጊዜው ሳሎን ወጣች። ጊዜው ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ልጅቷ ኢየር ትዌልቭ፣ ማለትም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ፣ የማጠናቀቂያ ፈተናዋ ሁለት ሳምንት ቀርቶት፣ በቴሌቪዥንና በድስት ክዳን መካከል ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ታጠናለች። ሙቀት ሲበረታ ወረቀቱ ከክንዷ ጋር ይጣበቃል። ባሩዱ አያልበውም።

እንዲህ ያለ ሀብት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ሊጣል ስለማይገባ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ስሙ «የባሩድ አሰባሰብ፣ ጥበቃና አጠቃቀም ኮሚቴ» ነው፤ አጠቃቀም የሚለው ለወደፊቱ የተቀመጠ ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ደመላሽ፣ ጸሐፊው ራጉኤል፣ ኦዲተሩ ብርሀነ ናቸው። ሦስቱም ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ሺፍት ናቸው። በየቅዳሜው ብርሀነ እያንዳንዱን ጣሳ በአባይነሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይመዝናል፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቃል፣ «ሻ» የሚል ድምፅ ሲሰማ «አለ» ይላል። ራጉኤል «አለ» ብሎ ይጽፋል። የጣሳው ክዳን ዙሪያውን በወረቀት ታሽጎ ሞላላው የኮሚቴው ማኅተም ያርፍበታል። ማኅተሙ በታማኝ ሰው እጅ መቀመጥ ስላለበት በአባይነሽ የማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

በዚያ ቅዳሜ ቆጠራው ካለቀ በኋላ ምሳ ቀረበ። ጎመን ነበር። በጓሮው ያለው ጎመን በዚያ ዓመት ቅጠሉ የጃንጥላ ያህል ሆኖ፣ ሌላ ጊዜ በዚያ የማያልፍ ጎረቤት እንኳ በአጥሩ በኩል እያለፈ ያየው ነበር።

«እትዬ፣ ይሄን ጎመን ምን እያበላሽው ነው?» አለ ብርሀነ ሦስተኛ ጊዜ እየጨለፈ።

«መሬቱ ነው» አለች አባይነሽ። ከዚያ እጇን ጠርጋ አንድ የታጠፈ ወረቀት ለሰብሳቢው ሰጠች። በቃል ስትጠይቅ «በጽሑፍ አቅርቢ» ተብላ ነበርና በጽሑፍ አቀረበች።

ጋሽ ደመላሽ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሚስታቸው ሂዊ ፈተናዋን እስክትጨርስ ክፍሏ እንዲመለስላት ትጠይቃለች።

«ማመልከቻሽ ደርሶናል» አሉ፣ አጠገባቸው ለቆመችው ሚስታቸው።

«አየሁ። እኔ ነኝ የሰጠሁህ።»

«ኮሚቴው በጥልቀት ያጠናዋል።»

«ልጅቷም ልታጠና ነው የፈለገችው።»

«አባይ፣ ነገሩን አታቅልዪው። ባሩዱ የት ይሂድ? ጋራዡ ይሞቃል።»

ሂዊ ከመጽሐፏ ቀና ሳትል፣ «ዳድ፣ አይ አም ሆት ቱ» አለች።

«ምን አለች?» አለ ብርሀነ።

«እኔም ሞቆኛል ነው የምትለው» አለ ራጉኤል። «ቃለ ጉባኤ ላይ ላስገባው ጋሼ?»

«አታስገባው። ከአጀንዳ ውጭ ነው።»

ማመልከቻው ለጥናት ተላለፈ። ጥናቱ ፈተናው ካለፈ በኋላ እንዲጀመር ተወሰነ። አባይነሽ ሰሃኖቹን ሰበሰበችና ምንም አላለችም። ጋሽ ደመላሽ ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቆጠሩት፤ ሃያ አምስት ዓመት በትዳር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ስህተት ለመሥራት የተለየ ተሰጥኦ ያስፈልገዋል።

ረቡዕ ዕለት ከፖሊስ ደብዳቤ መጣ። የጠመንጃ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች መሣሪያቸውንና ባሩዳቸውን እንዴት እንደሚያስቀምጡ ለማየት አንድ ፖሊስ ሰኞ በአሥር ሰዓት እንደሚመጣ ሂዊ አነበበችላቸው። በቤት ሊቀመጥ የሚችለው ባሩድ ልክ እንዳለውም ደብዳቤው ይገልጻል። ልኩን ስትነግራቸው ጋሽ ደመላሽ ወንበር ፈለጉ።

ኮሚቴው ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«በትነን በየቤታችን እናስቀምጠው» አለ ብርሀነ።

«ፈቃድ አላችሁ?» አሉ ጋሽ ደመላሽ።

«የመንጃ ፈቃድ አለኝ።»

«ቁጭ በል።»

ራጉኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ እኔ ሐሳብ አለኝ። የሚበላ ነገር ነው እንበላቸው። ጥቁር አዝሙድ። ፈረንጅ ጥቁር አዝሙድ አያውቅም።»

ጋሽ ደመላሽ ብድግ አሉ። «እኔ ሱዳን በረሃ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ እንኳ አንድም ቀን ዕድሜዬን ዋሽቼ አላውቅም! ተቀብሎ ያኖረኝን መንግሥት በአዝሙድ አላታልልም! ይመጣል፣ በሩን እከፍታለሁ፣ አርባ ሦስት ናቸው እለዋለሁ። ይውሰዳቸው። ፈቃዴንም ይውሰድ።» እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። «ታሪክ ግን ይፈርዳል።»

ብርሀነ አጨበጨበ። አባይነሽ በወጥ ቤቱ መስኮት ጓሮዋን ስትመለከት ቆይታ፣ «ደመላሽ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች።

«አሁን አይደለም አባይ። አዝኛለሁ።»

«ስለ ባሩዱ ነው።»

«በጽሑፍ አቅርቢው።»

አባይነሽ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ጎመኗ ወጣች።

ሰኞ ኮሚቴው በሙሉ ከሥራ ኦፍ ወስዶ፣ ክራቫት አድርጎ ኮሪደሩ ላይ ተሰለፈ። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ ትህትናው የሚያስደነግጥ። የብረት ሣጥኑን አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ ጥሩ ነው አለ። ባሩድ ካለ እንዲያሳዩት ሲጠይቅ ጋሽ ደመላሽ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ።

«ንገሪው ሂዊ። ከሕጉ በላይ እንዳለኝ፣ ላለመደበቅ እንደወሰንኩ፣ እያንዳንዱን ጣሳ እንደ ልጄ እንደያዝኩት ንገሪው።»

ሂዊ ሳሎን ያለውን ሶፋዋን አየችና፣ «ቤተር» አለች ለፖሊሱ፤ ከልጁም አብልጦ ማለቷ ነው። ቀሪውን ግን በታማኝነት ተረጎመች።

በሩ ተከፈተ። ፖሊሱ አርባ ሦስቱን ጣሳዎች ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ጋሽ ደመላሽ በዚያች ቅጽበት፣ በውርደታቸው መካከል፣ ትንሽ ኩራት ተሰማቸው፤ በመጨረሻ ያደነቀላቸው ሰው ተገኘ። ፖሊሱ አንዱን አወረደ፣ ማኅተሙን ተመለከተ፣ ወረቀቱን ቀደደ። ጋሽ ደመላሽ ፊታቸውን አዞሩ። ክዳኑ ሲከፈት ፖሊሱ ወደ ውስጥ አየ፣ አሸተተ፣ መዳፉ ላይ ትንሽ አፈሰሰ።

ምስር ነበር። ቀይ፣ ክክ ምስር።

ሁለተኛው ተከፈተ፤ ምስር። ሦስተኛው፣ አሥረኛው፣ ሃያኛው፤ ምስር። አርባ ሦስተኛው ላይ፣ ምናልባት የሱቁ ምስር አልቆ፣ አተር ክክ።

«ባሩዱስ የት ነው?» አለ ፖሊሱ።

ሂዊ እናቷን ጠየቀች፤ እናቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ጠቆመች። «ሺ ሴይስ ኢትስ ኢን ዘ ከቤጅ» አለች ሂዊ፤ ጎመኑ ውስጥ ነው ትላለች ማለቷ ነው።

ጋሽ ደመላሽ ግድግዳውን ያዙ። «አባይ!»

«ምን ላድርግ? ልጄ ሳሎን ስትተኛ ጭንቅላቷ ከዚህ ግድግዳ ጋር ነው። ኬቨን ያኔ በክለቡ ባርቢኪው ላይ፣ ያረጀ ባሩድ እንደ ማዳበሪያ ሣር ላይ እበትናለሁ፣ እንደሱ የሚስማማው የለም ብሎኝ የለ? አንተ ራስህ ተናደህ ሦስት ቀን ሰላም አላልከውም። ከግንቦት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሁለት እያልኩ በተንኩት። ማኅተሙም እኔው ጋ ነበር።»

«ክብደቱስ?» አለ ብርሀነ፣ የሙያ ክብሩ ተነክቶ። «አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም!»

«በማን ሚዛን ነው የምትመዝነው? እኔም በሱ ነው የመዘንኩት።»

«ሲነቀነቅ ‘ሻ’ ይላል እኮ!»

«ምስርም ሻ ይላል።»

ጋሽ ደመላሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ያ... ፋብሪካው መሥራት ያቆመውስ? ኬቨን ከሟች ወንድሙ ዕቃ መካከል ፈልጎ ያመጣልኝ?»

አባይነሽ ትንሽ አሰበች። «እሱ ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ነው» አለች፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ፖሊሱ ቅጹ ላይ ባሩድ በሚለው ቦታ «የለም» ብሎ ጻፈ። ፈቃዳቸው የጸና መሆኑን ነገራቸው። ሊወጣ ሲል ዞሮ፣ ይህ ክፍል ለምን እንደሚቆለፍ ጠየቀ። ሂዊ ተረጎመች። ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ኮሚቴው ሳሎን ተሰበሰበ። በረጅሙ ከተወያየ በኋላ ስሙን «የምስር አሰባሰብ፣ ጥበቃና አጠቃቀም ኮሚቴ» ብሎ ለወጠ፤ ጣሳዎቹ ዳግም ታሽገው ለወደፊቱ ሳይከፈቱ እንዲጠበቁም በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ማኅተም ለመምታት ወደ ወጥ ቤት ሲኬድ ጣሳዎቹ ታጥበው፣ አፋቸውን ወደ ታች ተደፍተው ፀሐይ ላይ ነበሩ። ኮሚቴው የቀረበለትን ምስር ወጥ በጎመን በልቶ ተበተነ።

ሂዊ ፍራሿንና መጻሕፍቷን ወደ ክፍሏ ያስገባችው ፖሊሱ የሄደ ዕለት ነው። ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ በሩን ዘጋች፣ አጠናች።